አየር የማያስገባው ክፍል

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች ገና በዋናው በር እየተጋፉ ሲገቡ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ለማሳያ የታደሰውን፣ ናሙና የሚባለውን ክፍል ሊያናፍስ ገባና «አረንጓዴውን» የተማሪ ዴስክ ላይ ተደፍቶ አገኘው። እንቅልፍ የጣለው መስሎት፣ «ኢንጂነር፣ ኧረ ነግቷል!» አለና ትከሻውን ነካ አደረገው። ሰውየው እንደ ግንድ ደርቋል። ጥበቃው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ።

ሟቹ ያረጁ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ኃይል ቆጣቢ የማድረግ ሥራ የተሰጠው መሐንዲስ ነበር። አፉን በከፈተ ቁጥር «አረንጓዴ ሕንጻ፣ አረንጓዴ ትውልድ» ስለሚል ከመምህራኑ እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉም አረንጓዴው ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ግን በፍቅር አልነበረም።

ጉዳዩ የተመራለትን ኢንስፔክተር ደግሞ ባልደረቦቹ ቆቁ ይሉታል። ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቱን ቀና ስለሚያደርግ ነው። ከእሱ ጋር የመጣችው ሳጅን ምላሷ የሰላ፣ ቀልድ የማይጠፋባት ሴት ናት። ሁለቱ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ዙሪያውን ቃኙ። ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያመልጥ መስኮቶቹ ድርብ ወፍራም መስተዋት ገብቶላቸዋል። ኮርኒሱ ከላዩ በወፍራም ጥጥ መሰል ነገር ተጠቅጥቋል። የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን በላስቲክ ተደፍኗል። ንጹሕ አየር የሚያስገባው ከጀርባው ግድግዳ በቱቦ ስቦ በኮርኒሱ ወንፊት የሚለቅ ማራገቢያ ብቻ ነው።

«አለቃ፣ እዚህ ክፍል ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትገባው» አለች ሳጅኗ።

ቆቁ አልሳቀም። የሟቹን ፊት እያየ ነበር። የሬሳ ፊት አይመስልም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ይመስል ቀልቷል። እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው። የሁለቱም መዳፎቹ ጎን በልዞ አብጧል።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» ሲል ጥበቃውን ጠየቀው።

«ኧረ ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት ጌታዬ። እኔም ገርሞኛል፤ ቅዳሜ ራሴ ነበርኩ የቆለፍኩት።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ርዕሰ መምህርቷ ጋ። ትናንት ኢንጂነሩ ክፍሉን ልፈትሸው ብሎ ሲመጣ ከእሷ ነው የወሰደው። ዛሬ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር።»

ርዕሰ መምህርቷ በረንዳው ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ቀሚሷ ግን እንደ ወታደር ልብስ የተተኮሰ ነው። መምህራኑ ሲያለቃቅሱ እሷ ተማሪዎቹን ወደ ሌላው ሕንጻ እንዲወስዱ ትእዛዝ ትሰጣለች።

«ልቡ ነው መሰለኝ» አለች ለቆቁ። «ደረጃ ሲወጣ ያለከልክ ነበር።»

«ልቡ የታመመ ሰው በር አይደበድብም» አላት።

«እሱንስ እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። «ሰውየውን የገደለው የጭስ መርዝ ነው» አለ። «ደሙ በሙሉ እሱን ጠጥቷል። ክፍሉ ውስጥ ምድጃ ነገር አለ?»

«የክብሪት እንጨት እንኳ የለም።»

«እንግዲህ አንተ ፈልገው። ሌላም ነገር አለ፤ ጥፍሩ ሥር፣ እጅጌው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ሳይቀር ጠመኔ ነው። የቀለም መምህር ይመስላል።»

ቆቁ ስልኩን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጥቁር ሰሌዳው አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም። በእርጥብ ጨርቅ ታጥቦ፣ ውኃው ቁልቁል የወረደበት መስመር ደርቆ ይታያል። መስተዋቱን ጠጋ ብሎ ሲያየው በብረት ነገር ተደጋግሞ ተመትቷል፤ ተጭሯል እንጂ አልተሰበረም። ድንጋይ እንኳ አይሰብረውም እያለ ይመጻደቅ የነበረው አረንጓዴው ራሱ እንደነበር ቆይቶ ሰማ።

ሳጅኗ ከሕንጻው ጀርባ ጠራችው። «አለቃ! ና እዚህ፣ ጉድ እይ!»

የማራገቢያው ቱቦ አፍ ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። ውስጡን በመሐረብ ስትጠርገው መሐረቡ ጥላሸት ለበሰ። ከቱቦው ጥቂት ራቅ ብሎ የትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ቆሟል። አጠገቡ በተከመረው ቁርጥራጭ ብረት መሐል እንደ እባብ የሚተጣጠፍ የብረት ቱቦ ተወርውሯል። ርዝመቱን ለኩት። ከጄኔሬተሩ ጭስ መውጫ እስከ ማራገቢያው አፍ ልክ ይደርሳል።

«ንጹሕ አየር ብሎ የሠራውን ቱቦ ጭስ አጠጡት» አለች ሳጅኗ። በዚህኛው አልቀለደችም።

መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው የፊዚክስ መምህሩ ላይ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን በራሱ ክፍል ታፍኖ ይሞታል» ማለቱን የማይመሰክር አልነበረም። ቆቁ ቤተ ሙከራ ውስጥ አገኘው። ቀጭን፣ ዓይኖቹ የደፈረሱ ሰው ነው።

«ብለሃል?»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።»

«ሞቱን ስትሰማ ምን ተሰማህ?»

«አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።»

«እንዲህ ስትል አትፈራም?»

«ምን ልፍራ?» መምህሩ በመስኮቱ ወደ ግቢው ጠቆመ። ጉቶዎች በረድፍ ይታያሉ። «ባለቤቴ እዚህ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። እነዚያን ዛፎች ከተማሪዎቿ ጋር ነው የተከለቻቸው። ከሞተች በኋላ የእረፍት ሰዓቴን እዚያ ጥላ ሥር ነበር የማሳልፈው። እሱ ደግሞ ጣራው ላይ ያሉት ሶላሮች ጥላ አረፈባቸው ብሎ አስቆረጣቸው። ሶላሩን ወደዚያኛው ጣራ ማዞር ይቻል ነበር፤ አሳየሁት፣ ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። መጥረቢያው ሲያርፍ ቆሜ አየሁ። እና ላልቅስለት?»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«አዳራሽ። የወላጆች ስብሰባ ነበር። ስለ እድሳቱ ሥዕሎች በፕሮጀክተር የማሳየው እኔ ነኝ፤ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አላልኩም። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ጨለመብን፣ መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር። ወዲያው ጄኔሬተሩ ተነሣና ቀጠልን።»

ይህንኑ ወላጆችም ሌሎች መምህራንም መሰከሩ። ቆቁ መምህሩን ትቶት ወጣ። ግን አንድ ነገር እየከነከነው ነበር የሄደው፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ያበራው ጄኔሬተር በዚያችው ሰዓት ግድግዳ ማዶ ሰው ይገድል ነበር። ወላጆቹ ደግሞ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ አጨብጭበዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሶላሩን የገጠመው ኤሌክትሪሺያን ነበር። ከጣራ ወድቆ እግሩን ሲሰበር አረንጓዴው «የደኅንነት ገመድ ስሰጠው አልታሰርም ብሎ ነው» ብሎ ካደው። ገመድ ግን አልተሰጠውም ነበር። ጄኔሬተሩንና ማራገቢያውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው። የመሐንዲሱን ሞት እንደሰማም ከቤቱ ጠፍቷል። ሳጅኗ እህቱ ቤት አልጋ ሥር ተደብቆ አገኘችው፤ ክራንቹ ግን ውጭ ቀርቶ አጋለጠው።

«ለምን ሸሸህ?» አለው ቆቁ።

«ማን ይያዛል ብለው ነው? እኔ እኮ ነኝ! በየመጠጥ ቤቱ እገድለዋለሁ ስል አልነበር?»

«ታዲያ አልገደልከውም?»

«እኔ ብሆን በእጄ ነበር የምገድለው፣ ዓይኑን እያየሁ። በቱቦ ምናምን አልለፋም።»

«ትናንት ከሰዓት?»

«ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ኳስ እያየሁ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነበር፤ ይጠይቁ። የኔ ቡድን ተሸንፎ አልቅሻለሁ፣ ያየኝ ሁሉ ስቋል።»

«መብራት ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ?»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየው። «የምን መብራት? ጨዋታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ እንኳ አልተቋረጠም።»

ቆቁ አንገቱን ቀና አደረገ።

ሶላሩ የሚያበራው የመማሪያ ክፍሎቹን ብቻ ነው፤ አዳራሹና ቢሮዎቹ ከሱቁ ጋር መብራት የሚያገኙት ከአንድ ምሰሶ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኳስ ሲያይ ትምህርት ቤቱ ብቻ ጨልሟል። እንግዲያው መብራቱን ከውስጥ ያጠፋ ሰው አለ፤ ጄኔሬተሩ ራሱ እንዲነሣ። ዋናው ማጥፊያ ያለው ደግሞ ከርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ጎን፣ ኮሪደሩ ላይ ነው።

ቆቁ ጥበቃውን ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው።

«ትናንት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን አንተ ነህ ያስነሣኸው?»

«ራሱ እኮ ነው የሚነሣው። እኔ በር ላይ ነበርኩ።»

«አስነሣ ብሎ የላከብህ ሰው የለም?»

«የለም።»

ከዚያ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ተመለሰ። «መብራት ሲጠፋ ከአዳራሹ የወጣ ሰው ነበር?»

መምህሩ አሰብ አደረገ። «ርዕሰ መምህርቷ... ቆይ፣ እሷ እንዲያውም ከመጥፋቱ ትንሽ ቀደም ብላ ነው የወጣችው። ስትመለስ 'ጥበቃውን ጄኔሬተር አስነሣ ብዬው መጣሁ' አለችን። ሻይ እረፍት ላይም ወጣ ብላ ነበር። ምነው?»

«ስትመለስ ምን ትመስል ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜዋ። ስብሰባውን በሰላም ዘጋችው።»

ቆቁ ምክንያቱን ማወቅ ነበረበት። ሴትዮዋ ከሟቹ ጋር ተጣልታ አታውቅም። እንዲያውም የምትሟገትለት እሷ ብቻ ነበረች ይላሉ። የሚታደሱትን ትምህርት ቤቶች ወደሚመርጠው መሥሪያ ቤት ደውሎ ሲጠይቅ አንዲት ሠራተኛ አነሣች።

«እሱን እኮ እኛ አይደለንም የመደብነው» አለችው። «ርዕሰ መምህርቷ ራሷ ናት ስሙን ጠርታ የጠየቀችው። ትምህርት ቤቷ ተራው ሳይደርስ ደጅ ጠንታ አስገባችው። እሱ እንኳ ቀደም ሲል ስሙ በአደጋ ተነሥቶ ነበር ብንላት ግድ የለም፣ እሱን ላኩልኝ አለች።»

«የምን አደጋ?»

«አልሰሙም? በሌላ ከተማ ነው፣ ብርድ አገር። እንደዚህኛው ትምህርት ቤት ሙቀት እንዳይወጣ መስኮቶቹን ደፈነ። ክፍሎቹ ግን በምድጃ ነበር የሚሞቁት። አንድ ቀን ጭሱ ታፍኖ ሕፃናት አለቁ። ማራገቢያው ሥራ ላይ ነበር፣ ጥፋቱ የምድጃ ጠባቂው ነው ተባለ። ምስኪኑ ሰውዬ ታሰረ።»

«የምድጃ ጠባቂው ልጅ ነበረው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

ሳጅኗ የዚያን ከተማ ፖሊስ ስታነጋግር ቆቁ ከፊቷ ላይ ያነብ ነበር። ስልኩን አስቀመጠችና ተነፈሰች።

«ሴት ልጅ ነበረችው፣ አስተማሪ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ በየቀኑ ትቆም ነበር አሉ። አባቷ ሲፈታ ይዛው ከከተማው ጠፋች። ሰፈሩ ቤታቸውን በድንጋይ ደብድቦት ነበር። 'ሕፃን ገዳይ' ተብሎ ግድግዳቸው ላይ ተጽፎ ነበር።»

ቆቁ ጥርሱን ነከሰ። እሱም አባት ነው። በሩን የዘጋሁት እኔ ብሆንስ ኖሮ ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡ ደስ ስላለው ራሱን ፈራ።

ርዕሰ መምህርቷ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ጠረጴዛዋ ላይ የሟቹ ስልክ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ አለ። ሲገቡ አልተነሣችም።

«ስልኩን እዚህ የተወው ራሱ ነው?» አላት ቆቁ።

«ባትሪው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ስጠኝ ልሰካልህ አልኩት።»

«ትናንት መብራቱን ያጠፉት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ።»

ሳጅኗ ልትጽፍ ያወጣችው እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። ቆቁም እንዲህ ባንዴ ታምናለች ብሎ አልጠበቀም።

«ያቺን አዎ ለማለት ነው ስጠብቅዎት የዋልኩት» አለች። «ሌላ ሰው ቢታሰርብኝ ራሴ እመጣ ነበር። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው አንድ ይበቃናል።»

«አባትዎ።»

«አባቴ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ክሱ ምን ይል እንደነበር ያውቃሉ? ምድጃውን አጭቆ ሞላ፣ ጭስ መውጫውን ዘጋ። አባቴ እነዚያን ልጆች በየስማቸው ያውቃቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን በእጁ አሽቶ ነበር የሚያሞቅላቸው። ማራገቢያ የሚባል ነገር አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተገጠመው ወንፊቱ ብቻ ነው፤ ከኋላው ባዶ ግንብ። አባቴ ተናገረ፤ የመሐንዲስና የምድጃ ጠባቂ ቃል እኩል አይሆንም። መርማሪዎቹ ሊያዩት ሲሄዱ ደግሞ ማራገቢያው ተገጥሞ ተገኘ። እሱ ቀድሟቸው።»

«ስለዚህ እዚህ አስመጡት።»

«አስመጣሁት። ደግሞ አሠራሁት! እዚህ እያንዳንዷን ማራገቢያ ቆሜ ነው ያስገጠምኳት፣ ከፍቼ እያየሁ። ልጆቼ የሚተነፍሱት አየር ንጹሕ ነው። ክፍሎቹን አይተዋል አይደል? ፀሐይ ብቻ ነው የሚያበራቸው። እሱ እንዳለው ያለ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው የጨረስኩት።»

«ክፍሉ ውስጥ ምን አሉት?»

«'የምድጃ ጠባቂው ልጅ ነኝ' አልኩት።» ፊቷ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለች። «ምን አለኝ መሰለዎት? 'የቱ ምድጃ ጠባቂ?' አለኝ። ከልቡ ነው፤ አላስታወሰም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሱን ስም ሲያነሣ ሲጥል፣ እሱ ረስቶታል። ቁልፉን ከውጭ በሩ ላይ ትቶት ነበር፤ ቆለፍኩበት።»

ከውጭ የተማሪዎች ድምፅ ይሰማል።

«ሻይ እረፍት ላይ ለምን ተመለሱ?» አለ ቆቁ። «ሰሌዳው ላይ ምን ጽፎ ነበር?»

ዓይኗን ከጠረጴዛው አነሣች። ይህን ይጠይቀኛል ብላ እንዳላሰበች ያስታውቃል።

«መስተዋቱ ድምፅ አያሳልፍም» አለች። «ሲጮህ አፉን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ሄዶ በትልልቁ ጻፈ። 'ማራገቢያ አልነበረም። በኋላ ነው የገጠምኩት። ሰውየው ንጹሕ ነው። ክፈቺልኝ።' ይላል። ስሙንም ፈረመበት። ከዚያ ተንበርክኮ በጣቱ እያሳየ አስነበበኝ።»

«አነበቡት።»

«አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ያቺን ቃል ስጠብቅ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ሳነበው ግን... አልበቃኝም።»

«እና?»

«ወደ ስብሰባው ተመለስኩ።»

ሳጅኗ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቆቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «ስልክ ይዘው ነበር?»

«እጄ ላይ ነበር።»

«ፎቶ አላነሡትም?»

ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ሰሌዳውንስ ማን አጠበው?»

«እኔ። ሁሉም ከሄደ በኋላ። ቱቦውን ነቀልኩ፣ መብራቱን መለስኩ፣ ገባሁና... ክፍል ውስጥ የተጻፈ ነገር ሳይጠፋ አይታደርም፣ ልማድ ነው መሰለኝ። ዱካ ላጥፋ ብዬም ነው። ሁለቱንም ነው። አላውቅም።» እጆቿን ተመለከተቻቸው። «ጨርቁን ጨምቄ ስጨርስ ነው ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ።»

አባትየው የሚኖረው ከልጁ ጋር፣ ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቅ ቤት ነው። ቆቁ ሌላ ሰው ከሚነግረው ብሎ ራሱ ሄደ፤ ሳጅኗ መኪናው ጋ ቀረች። ሽማግሌው ወንበሩን ፀሐይ ወደሚገባበት አስጠግቶ ተቀምጧል። ቆቁ ልጁ ያደረገችውን በአጭሩ ነገረው።

«ሞተ?» አለ ሽማግሌው።

«ሞቷል አባባ።»

«እንዲያ ነው እንግዲህ።» ፊቱ ላይ ቅዝቃዜ እንጂ ደስታ አልነበረም። «ስንት ዓመት እንዲሞት ስጸልይ ነበር መሰለህ። ስሞታ የማሰማለት እግዜርም ሳይታክተው አልቀረም። ሳይናገር ሞተ?»

ቆቁ ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። አልሆነለትም። «ጽፎ ነበር። ማራገቢያ እንዳልነበረ፣ እርስዎ ንጹሕ እንደሆኑ። ፈርሞበታል።»

ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ አለ። «የታለ? አሳየኝ!»

«ሰሌዳ ላይ ነው የጻፈው። ጠፍቷል።»

«ማን አየው?»

«ልጅዎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም።»

«አንተስ አላየህም? ይቺ ልጅስ፣ ውጭ የቆመችው?»

«አላየንም አባባ።»

«ማን ነው ያጠፋው?»

ቆቁ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ተመልሶ ተቀመጠ።

«እስር ቤት ሆኜ» አለ፣ «ልጆቹ የሞቱባቸው እናቶች ፊት ቆሜ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ሳሳያቸው ነበር የማልመው። እሱ ሲሞት አልነበረም የማልመው። እሱማ የትም ይሙት።» ከዘራውን ፈልጎ ያዘና ተነሣ። «ወደ እሷ ውሰደኝ።»

«ምን ሊሏት ነው?»

«ምን ብሎ እንደጻፈ ከአፏ ልስማው። ቃል በቃል። ከዚያ በኋላ ልጄ ነሽ ልበላት አልበላት ያኔ አውቃለሁ።»

ቆቁ ክንዱን ሊደግፈው ቢል ገፋው። በራሱ እግር ወጥቶ ወደ መኪናው ሄደ።